ሽማግሌዎችን የመራች ነጥብ

ስልኬ ውስጥ ሃያ ሦስት ነፃ አፕ አለ። ለዕለት ኑሮ ይጠቅማሉ ብሎ የጫነልኝ የእህቴ ልጅ ናትናኤል ነው። "ጋሼ፣ ሁሉም በነፃ ነው፤ አንድ ሳንቲም አይጠይቅዎትም" አለኝ። በነፃ የሚለው ቃል ደግሞ ደካማ ጎኔ ነው። አዳማ ገበያ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ሁለት ራስ ምርቃት ካልተጨመረልኝ ፀሐይ ላይ ቆሜ የምከራከር ሰው፣ ሃያ ሦስት ነገር በነፃ ሲሰጠኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ጫንልኝ አልኩት፤ ጫነልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ስልኩን ልጠቀምበት ወይስ እሱ እኔን ይጠቀምብኝ፣ ለይቼ አላውቅም።

አንደኛው አፕ ውሃ መጠጣት ያስታውሳል። ሰዓቱ ሲደርስ ከእንስራ ውሃ የሚንቆረቆር የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ይህ ድምፅ ዘጠነኛ ቢ ክፍል ውስጥ ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ሳስተምር ከደረት ኪሴ ተንቆረቆረ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ መላው የኋላ ወንበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስምጥ ሸለቆን የማስረዳው ለግድግዳው ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ይቆጥራል። በእግሬ የሄድኩ ቀን ዝም ይላል፤ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ የተንገጫገጭኩ ቀን ግን የዕለቱን ግብ መታህ ብሎ ርችት ይተኩስልኛል። ሦስተኛው ጣቴን ካሜራው ላይ ሳስቀምጥ የልብ ምቴን ይለካል። ለሙከራ ብዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁትና የጠረጴዛው ልብ ከኔ ልብ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ ውጤቱን አይታ "እንግዲህ ጠረጴዛው ይቀብርሃል" አለችኝ።

የማወራችሁ ግን ስለ ካርታው አፕ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኬክሮስና ኬንትሮስ አስተምሬአለሁ። አቅጣጫ የሚጠፋው ሌላ ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ አምን ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኔ ካጠብኩት የሷ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናትናኤል፣ እኔ በዓይኔ ያላየኋት፣ ሃዊ የምትባል የአርሲ ሁሩታ ልጅ ይወዳል። አዳማ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው፣ ተመርቀው፣ ሥራ ይዘው፣ የቀራቸው ጋብቻ ብቻ ነው። ችግሩ የልጅቷ አባት ኦቦ ለሜሳ ናቸው። የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሰዓት ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ለታላቋ ልጃቸው የተላኩ ሽማግሌዎች ግማሽ ሰዓት ቢያረፍዱ ከበር ላይ "ሰዓት ያላከበረ ልጅ አያከብርም" ብለው መልሰዋቸዋል አሉ። እነዚያ ሽማግሌዎች ሁለተኛ አልተመለሱም። ሃዊም ለናትናኤል "አባቴ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ፤ ከአባቴ ቃል አልወጣም" ብላዋለች። የተሰጠን ቀጠሮ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ናትናኤል ቅዳሜ ማታ እቤቴ መጥቶ "ጋሼ፣ አደራ" አለኝ። እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው። አንጀቴን በላው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አፋችን ጋሽ መኮንን ናቸው፤ ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሰላምታ ብቻ ሲሰጡ ሩብ ሰዓት የሚወስዱ ሰው። ሁለተኛው ጎረቤቴ ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ የከብት ነጋዴ ናቸው፣ ትንሽ ይናገራሉ፣ የተናገሩት ግን መሬት ጠብ አይልም። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የተመረጥኩት መኪና ስላለኝ ነው።

"ቤቱን ማን ያውቀዋል?" አሉ ኦቦ ቱሉ።

"ሎኬሽን ይላክልናል" አልኩ።

"ሁሩታ ትንሽ ከተማ ናት። የለሜሳን ወፍጮ ብለን ብንጠይቅ ሕፃኑም ያሳየናል።"

ይህን ስሰማ የሳቅኩትን ሳቅ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። "ኦቦ ቱሉ፣ ጋቢ ለብሰን ከዘራ ይዘን የለሜሳ ቤት የት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ቤቱ ሳንደርስ ከተማው እልል ይላል። እምቢ ቢሉን ደግሞ ለነሱም ለኛም ውርደት ነው። ስልክ ግን ምስጢር ይጠብቃል" አልኩ። ጋሽ መኮንን ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ቱሉ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ መፍራት እንደሚገባ ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መልእክት መጣ። "ጋሼ፣ ሎኬሽን ልኬያለሁ። አሁን ከበራችን ላይ ቆሜ ነው የላክሁት። ሃዊ" ይላል። ስነካው ካርታ ተከፈተ፤ ካርታው መሃል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ትርገበገባለች። ጎበዝ ልጅ አልኩ።

ከአዳማ ስንወጣ አፑ መናገር ጀመረ። ሴት ናት፤ በእንግሊዝኛ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ትላለች። ጋሽ መኮንን ከኋላ ወንበር ሆነው በተናገረች ቁጥር "እሺ እመቤቴ" ይላሉ፤ በሰው መኪና የሚናገርን ዝም ማለት ነውር ነው ብለው ነው። ኦቦ ቱሉ "ይህች ሴት አርሲን ታውቃለች?" አሉኝ። "ዓለምን በሙሉ ታውቃለች" አልኳቸው። "ዓለምን አላልኩም" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

መልካሳ ስንደርስ ነጥቧን ልያት ብዬ መኪናዋን ጥግ አቆምኩ። ነጥቧ ቦታ ለውጣለች።

ዓይኔን አሸሁ። ጠዋት መንገዱ ቀኝ በኩል የነበረችው አሁን ወደ ገበያው ተጠግታለች። ደግሞ እያየኋት ቀስ ብላ ትሄዳለች። ጋሽ መኮንን አንገታቸውን አስግገው "ምንድን ነው መምህር፣ ቤቱ ይንቀሳቀሳል እንዴ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው አላውቅም የሚለውን ቃል ከአፉ ለማውጣት ምጥ ይይዘዋል። "ቤቱ አይደለም" አልኳቸው፤ "ሳተላይቱ ነው። መሬት ትዞራለች፣ ሳተላይቱም ይዞራል፤ ስለዚህ በየጊዜው ያስተካክላል። አሁን ያለችበት ነው ትክክለኛው።" ጋሽ መኮንን "እግዚአብሔር ያወቀው ነገር" አሉ። ኦቦ ቱሉ ግን "ያ ዋቀዮ!" ብለው በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠሩ።

ዴራን እንዳለፍን ደግሞ ሴትዮዋ አቋራጭ አለ አለችን። አራት ደቂቃ ያተርፍላችኋል የሚል ጽሑፍም አሳየችን። ነፃ አራት ደቂቃ! ገባሁበት። መንገዱ ለመቶ ሜትር ያህል መንገድ ነበር፤ ከዚያ የጋሪ መንገድ ሆነ፣ ቀጥሎ የበሬ መንገድ፣ በመጨረሻም የስንዴ ማሳ ሆነ። ሴትዮዋ ቀጥ ብለህ ሂድ ትላለች። ማሳው መሃል የቆሙ ገበሬ በማዘንም በመገረምም እያዩን ነበር። ኦቦ ቱሉ ወርደው በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የቤተሰብ፣ የከብት፣ የዝናብ ጤና ተጠያየቁ፤ ከዚያ ተመልሰው "ወደ ኋላ" አሉኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ። አራቱ ደቂቃ ሃያ በላብን።

ያም ሆኖ ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሁሩታ ገባን። ነጥቧም ቆማለች። ቀጥታ ወደሷ ነዳሁና ፊት ለፊቷ ስደርስ አቆምኩ። ሦስታችንም ወረድን። ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዘራቸውን አስቀደሙ። ቀና ብለን ስናይ የቆምነው የሴቶች የውበት ሳሎን በር ላይ ነው።

የሳሎኑ ባለቤት መጋረጃውን ገልጣ ሦስት ሽማግሌ ተሰልፎ ስታይ ደነገጠች። "የወንዶች ቀጥሎ ነው አባቶቼ" አለችን።

እኔ ግን አልተበገርኩም። ሀብታም ሰው ቤቱን ለሳሎን ቢያከራይ ምን ይገርማል? በጓሮ በኩል ሌላ በር ይኖራል ብዬ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት። ቆሻሻ መጣያ ብቻ አገኘሁ። ስመለስ ጋሽ መኮንን ስልኬን በሁለት እጃቸው እንደ መስቀል ይዘው "መምህር፣ ሳተላይቱ እንደገና አስተካክሏል" አሉኝ። አየሁት፤ ነጥቧ ሄዳለች። መኪና የማይገባበት ቅያስ ውስጥ ናት። እየነዳን ብንዞርም አልተገናኘንም፤ በመጨረሻ መኪናዋን ጥለን በእግር ተከተልናት። እሷ ስትታጠፍ እንታጠፋለን፤ ስትቆም እንቆማለን። ኦቦ ቱሉ ጥጃ የጠፋበት ሰው እንኳ እንዲህ አይንከራተትም አሉ።

አራት ሰዓት ሲሆን ነጥቧ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ውስጥ ገብታ ቆመች። ጠበቅናት። አልተነቃነቀችም። ላቤን ጠርጌ አንኳኳሁ።

በሩን የከፈቱልን ሹራብ የለበሱ፣ እጃቸው ላይ መዶሻ የያዙ ሰው ናቸው፤ የዶሮ ቤት እየጠገኑ ነበር። ሦስታችንን ከእግር እስከ ራስ አዩን። ጋቢውን አዩ፣ ከዘራውን አዩ። ከዚያ መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ።

"ስላረፈድን ይቅርታ እንጠይቃለን" አሉ ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው።

"ኧረ ምንም... ምንም አይደለም፣ ግቡ፣ ግቡ" አሉ ሰውዬው።

ግራ ገባኝ። አንበሳ ናቸው የተባሉት ሰው በግ ሆነው አገኘኋቸው። ቤቱም የሀብታም አይመስልም፤ የወፍጮ ድምፅም የዱቄት ሽታም የለም። ግን ሰው ሀብቱን ሲደብቅ ነው ሀብታም የሚሆነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። ዛሬ ሳስበው የተሳሳትኩትን ነገር ለማስረዳት ያለኝ ችሎታ የሚደነቅ ነው።

ገባን፤ ተቀመጡ አሉን። አንቀመጥም አልን፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ጋሽ መኮንን ጀመሩ። ስለ ሰላም፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉርብትና ተናገሩና ሩብ ሰዓት ሲሞላቸው ወደ ፍሬው ገቡ። "የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን፣ ዝምድናዎን ለቤታችን ፈልገን ነው። እንደ ደንቡ ቆመን እንለምናለን።"

ሰውዬው በሹራባቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሰናይቴን?" አሉ።

ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "የቤት ስሟ ይሆናል" አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ እኔ ራሴ እናቴ በአንድ ስም፣ መዝገብ ቤት በሌላ ስም ነው የሚጠሩኝ።

"ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው" አሉ ሰውዬው። "ልብስ ሰፊ ናት። እኔን ስታስታምም፣ እኔን ስትጦር ጊዜዋ አለፈ እያልኩ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እናቷ ይህን ቀን ሳታይ..." ብለው አቋረጡ።

የሃዊ እናት ትናንት ለናትናኤል ደውለው አይዞህ ብለውታል። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል አልኩ በሆዴ። ዕድሜውም አልገጠመልኝም፤ ሃዊ ሃያ ስድስት ነው የተባልኩት። አባት በልጁ ዕድሜ ቢሳሳት ምን ይደንቃል ብዬ እሱንም አለፍኩት።

"ልጃችሁ ማነው? የማን ቤት ልጅ ነው?" አሉ ሰውዬው።

አሁን የኔ ተራ ነው። "ናትናኤል ይባላል፤ የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አዳማ የሕንፃ መሐንዲስ ነው" አልኩ ኮራ ብዬ።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። መጋረጃው ተገለጠና አንዲት ቆንጆ ልጅ ወጣች፤ ፀጉሯ ገና አሁን የተሠራ ነው፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። "ናቲ? ሰናይትን?" አለች። ወደ ኋላዋ ዞራ ረዘም ያለች ሌላ ሴት አየች፤ ሴትዮዋም መርፌዋን እንደያዘች አፏን ከፍታ ቆማለች። ልጅቷ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ጫማዋን ሳታደርግ በመሃላችን ሰንጥቃ ወጣች፤ የቆርቆሮው በር ተንጓጓ።

ሙሽራዋ እምቢ አለች ብዬ ራሴን ያዝኩ። ግን ሁለት ሴት ነው ያየሁት። የትኛዋ ናት የኛ?

"እቺ ልጅ ማናት?" አሉ ኦቦ ቱሉ በቀስታ።

"የጎረቤታችን የለሜሳ ልጅ ናት፣ ሃዊ። ዛሬ እቤታቸው ሽማግሌ ስለሚመጣ ከልጄ ጋር ልትውል መጥታ ነው። ያው በደንቡ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ እቤት አትገኝም። የነሱ ሽማግሌዎች እስካሁን ገብተው ይሆናል" አሉ ሰውዬው።

እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየሁት። ነጥቧ ትሮጣለች። መንገዱን ተሻገረች፣ ታጠፈች፣ አሁንም ትሮጣለች። ቤት እንደማይሮጥ ደግሞ ዘጠነኛ ቢም ያውቃል። ጠዋት የተላከልኝ የቤቱ ቦታ አልነበረም፤ ልጅቷ በሄደችበት ሁሉ አብሯት የሚሄድ፣ የሷ የራሷ ቦታ ነበር። ፀጉሯን ስትሠራ ሳሎን አስቁማናለች፤ ከኛ ለመሸሸግ ጓደኛዋ ቤት ስትሄድ እግር በእግር ተከትለን መሸሸጊያዋ ገብተን ጓደኛዋን ለምነናል።

ይህን ለሁሉም አስረዳሁ። እንዴት እንዳስረዳሁት አላውቅም፤ ሳተላይት የሚል ቃል ግን አልወጣኝም።

ሰውዬው፣ ስማቸው አቶ ደምሴ ነው፣ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ስለዚህ ሰናይትን አይደለም የለመናችሁት" አሉ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ሲወራ ያስቃል። ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም። የኚያን ሰው ፊት ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አንድን አባት በልጁ ደስ አሰኝቼ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደስታውን ከእጁ ነጠቅኩት። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ደግሞ ሰው ላለመጠየቅ ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሰናይት ናት። ወደ አባቷ ሄዳ ትከሻቸውን ያዘችና "አባ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሃዊ ግን እያለቀሰች ነው የሄደችው፤ ኦቦ ለሜሳም ከሦስት ሰዓት ጀምረው በር ላይ ይሆናሉ። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን ከሄዱ ይመልሷቸዋል" አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ለልጁ ይደውሉለት። ለሃዊ ራሱ ይንገራት።"

ደወልኩ። ናትናኤል የሆነውን ስነግረው በመጀመሪያ አልገባውም፤ ሁለተኛ ስነግረው ጮኸ፤ ሦስተኛ ልነግረው ስል ስልኩን ዘግቶ ለሃዊ ደወለ። አቶ ደምሴ በመጨረሻ ተነሡና "ኮቴን አምጪልኝ" አሉ ልጃቸውን።

ከዚያ ተነሥተን የሄድነው አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። አቶ ደምሴ እያነከሱ ቀደሙን፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ኦቦ ለሜሳ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመዋል። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል።

"ለስንት ሰዓት ነበር የተባለው?" አሉ።

ጋሽ መኮንን ለሰላምታው ሊዘጋጁ ሲሉ አቶ ደምሴ ቀድመዋቸው ከኛ ጋር ተሰልፈው ቆሙ።

"አንተ ምን ታደርጋለህ እዚያ?" አሉ ኦቦ ለሜሳ።

"ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት።"

"ከነዚህ ጋር? እነዚህ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ያረፈዱ ናቸው።"

"አላረፈዱም" አሉ አቶ ደምሴ። "መንገድ ተሳስተው እኔ ቤት ገብተው ነው። ሰናይትን ለመኑኝ።"

ኦቦ ለሜሳ ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ምን አልካቸው?"

"ልሰጣቸው ነበር። ልጁን ሳላየው፣ ልመናቸውን ብቻ ሰምቼ ልሰጣቸው ነበር።" ጉልበታቸው ከዳቸው መሰለኝ፣ ኦቦ ቱሉ በክንዳቸው ደገፏቸው። "ለሜሳ፣ እኔ ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቅኩት አንተ ታውቃለህ። በስህተት እንኳ ቤቴ ሽማግሌ ሲገባ አለቀስኩ። አንተ ለሁለተኛ ልጅህ የመጣውን ሽማግሌ በሰዓት ምክንያት ትመልሳለህ?"

በበሩ ክፍተት ሃዊን ከእናቷ አጠገብ ቆማ አየኋት፤ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው፤ ማልቀሷን ግን ትታለች። የናትናኤል ነገር የሚያልቀው እዚህች በር ላይ ነበር። ኦቦ ለሜሳ የደምሴን ጉልበት አዩ፣ ቀጥሎ መሬቱን አዩ።

"ሰው በዚህ ጉልበቱ አይቆምም" አሉ በመጨረሻ። "ግቡና ተቀመጡ።"

ሳንለምን ተቀመጡ ተባልን፤ ከበር ለሚመልስ ሰው ይህ ግማሽ እሺታ ነው። ጋሽ መኮንን ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው በሆዳቸው አመሰገኑ። ከዚያማ ንግግራቸውን ሙሉውን፣ ከዝናቡ ጀምረው፣ እንደገና ተናገሩት፤ ያንኑ ንግግር ለሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር። ኦቦ ለሜሳም ከዘመድ ተማክረው ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ እንደሚሰጡን ነገሩን። እምቢ ለማለት የፈለገ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። በኋላ ለናትናኤል ስነግረው ስልኩ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ለመሄድ ስንነሣ አቶ ደምሴን እቤታቸው በር ድረስ ሸኘናቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ቃላት ስፈልግ እሳቸው ቀደሙኝ።

"መምህር፣ የኔንም መልስ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥታችሁ ትሰማላችሁ።"

"የምን መልስ፣ አቶ ደምሴ?"

"የሰናይትን ነዋ። ሽማግሌ ናችሁ፤ ቤቴ ገባችሁ፣ ቆማችሁ ለመናችሁኝ። እኔም ሰምቻለሁ። ከዘመድ እማከራለሁ፤ መልሴ ግን እሺ ነው የሚሆነው። ሙሽራውን ማምጣት የናንተ ድርሻ ነው።"

ፊታቸውን አየሁት። አይስቁም። ጋሽ መኮንንን አየሁ፤ ሰማዩን ያያሉ። ኦቦ ቱሉን አየሁ፤ "ሽማግሌ ለምኖ አይሸሽም" አሉኝ። ቀልድ ይሁን የምር እስከዛሬ አልገባኝም፤ ቀጠሮው ግን የፊታችን እሑድ ነው። ሰናይት የቆርቆሮውን በር ይዛ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። "አባ!" ብላ ተቆጣቻቸውና እሳቸው ሲገቡ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ "ጋሼ፣ ካመጡ አይቀር ከኔ የማያጥር ይሁን" አለችኝ።

ከሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ሻዬን ይዤ ያላገቡትን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የሒሳቡ ቆንጆ ነው፤ ግን ከወንበሩ ሲነሣም ከተቀመጠበት ብዙ አይለይም። የፊዚክሱ ረጅም ነው፣ ጨዋ ነው፣ ደመወዙ ሲወጣ መጀመሪያ ለእናቱ ነው የሚልከው። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩና "ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ የፊታችን እሑድ ምን ትሠራለህ?" አልኩት።